የአከራይዋ አባት ስም

ተፈቀደ። ደብዳቤው ትናንት ማክሰኞ ደረሰ። ሁለት ጊዜ ጮክ ተብሎ ተነበበ፣ ሦስተኛውን እኔ ራሴ አነበብኩት፤ «ተፈቅዷል» ነው የሚለው። ከቤታቸው አይወጡም፣ የኪራይ እርዳታውም አይቋረጥም። ከዚህ የሚበልጥ ወሬ በዚህ ዓመት ላስ ቬጋስ ውስጥ የሰማሁ አይመስለኝም፤ ባለፈው የቁማር ማሽኑ ገንዘብ አዝንቦለት በቴሌቪዥን የታየውን ሰውዬ ጨምሬ ነው የምላችሁ።

የማን እንደሆነ ሳልናገር ወሬውን ጀመርኩት መሰለኝ። የጋሽ ተክለማርያም ነው፤ የጋሽ ተክለማርያም ሀብተሥላሴ። ለመጻፍም የደፈርኩት እሳቸው ራሳቸው «ጻፈው፣ ስሜንም አትደብቅ፤ እስከ ዛሬ የደበቅኩት ይበቃኛል» ስላሉኝ ነው። እንግዲህ ከመጀመሪያው ልነሳ።

ጋሽ ተክለማርያም ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው። በደርግ ዘመን በሱዳን በኩል ወጥተው እዚህ ከተማ ገቡ፤ ከዚያም ሃያ ስድስት ዓመት በአንድ ትልቅ ካዚኖ በር ላይ ቆመው የሰው መኪና ፓርክ ሲያደርጉ ኖሩ። እንግሊዝኛቸውም የበር ላይ እንግሊዝኛ ነው። «ዌልካም ሰር»፣ «ጉድ ላክ»፣ «ታንክ ዩ» ሲሉ ፈረንጅ ይመስላሉ፤ ወረቀት ከመጣ ግን ወደ ልጃቸው ወደ ሳሮን ዘወር ይላሉ። አንድ ቀን የእንግዳ መኪና ከምሰሶ ጋር አሳሳሙና ሐኪም ዘንድ ተላኩ። ግላኮማ ነው ተባሉ። አሁን በቁልፍ ቀዳዳ እንደሚያይ ሰው ናቸው፤ ፊት ለፊት ያለች ቁራጭ ትታያቸዋለች፣ ዳር ዳሩ ጨለማ ነው።

ባለቤታቸው እትዬ አይናለም ካረፉ በኋላ ምሥራቅ ላስ ቬጋስ በምትገኝ ባለ አንድ መኝታ አፓርትመንት ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ኪራዩን የሚችሉት እኛ «ሴክሽን ኤይት» በምንለው የመንግሥት እርዳታ ነው። ስድስት ዓመት ወረፋ ጠብቀው ነው ያገኙት፤ ከጡረታቸው የድርሻቸውን ይከፍላሉ፣ የቀረውን ቢሮው ለአከራዩ ይልካል። ታዲያ ሕንፃው ተሸጠና ተከራይ ሁሉ ውጡ ተባለ። እርዳታውን ይዘው ሌላ ቤት እንዲፈልጉ ስድሳ ቀን ተሰጣቸው። ሳሮን በየቀኑ ደወለች። «እርዳታ ያለው ተከራይ ትቀበላላችሁ?» ስትል አንዱ አሁን ተያዘ ይላል፣ ሌላው መልሼ እደውላለሁ ብሎ ይቀራል። ሃምሳ አንደኛው ቀን መጣ።

ሳሮን ነርስ ናት፤ ሰንራይዝ ማነር ውስጥ ቤት አላት። ከጓሮው ደግሞ ካሲታ የሚሏት፣ የራሷ በርና የራሷ ኩሽና ያላት ትንሽ ቤት አለች። የካሲታዋ ኪራይ ባይኖር የባንኩን ዕዳ ብቻዋን አትገፋውም፤ ጋሽ ተክለማርያምም ይህን ያውቃሉ። በነጻ ልግባ ቢሉ ልጃቸውን ቤት ሊያሳጧት ነው። የዚያን ጊዜ የነበረው ተከራይ ሊለቅ ነውና ሳሮን «አባዬ፣ እርዳታህን ይዘህ ለምን እኔ ጋ አትከራይም?» አለች። ይህን ብላ የቢሮውን ወረቀት መኪና ውስጥ ከፍታ አነበበችው። ወረቀቱ አከራዩ የተከራዩ ወላጅ፣ ልጅ፣ አያት፣ የልጅ ልጅ፣ እህት ወይም ወንድም ሊሆን አይችልም ይላል። ገጹ እዚያ ላይ አለቀ፤ ሳሮን ከጀርባው ምን እንዳለ አልገለጠችም። ይህን ያዙልኝ።

በሃምሳ ሦስተኛው ቀን ቢሮ ሄዱ። ወረፋው ረጅም ነበር፤ ወጣቱ ሠራተኛ ሁለቱን ስሞች አየና ምላሱ እየተደናቀፈ «ሀብተሥላሴ… ተክለማርያም…» አለ፤ ቀና ብሎም፣ «ዝምድና የላችሁም፣ አይደል?»

«ኖ» አሉ ጋሽ ተክለማርያም። ሳሮን አጠገባቸው ተቀምጣለች።

ለእኛ ሰው መቼም ይህ አይነገርም። ፈረንጅ የመጨረሻው ስም ካልገጠመ ዘመድ ነው ብሎ አይጠረጥርም። የኛ ልጅ ግን ይዛ የምትዞረው የአባቷን ስም ነው። ወረቀቱ ላይ ተከራይ ተክለማርያም ሀብተሥላሴ፣ አከራይ ሳሮን ተክለማርያም ተብሎ በጉልህ ተጽፏል። አራተኛ ክፍል ያለ የሐበሻ ልጅ ቢያየው «አባቷ ናቸዋ» ይል ነበር። በዚያ ቢሮ ውስጥ ግን ማንም አላየውም።

ጋሽ ተክለማርያም በዚህ ስም ደግሞ እንዴት እንደሚኮሩ የሚያውቅ ያውቃል። ሳሮን በነርስነት የተመረቀች ቀን ከመድረክ «ሚስ ተክለማርያም» ተብላ ስትጠራ፣ እሳቸው ከሕዝቡ መካከል ብድግ ብለው «አቤት» ብለዋል። እትዬ አይናለም በሳቅ ሞቱ። የዚያን ቀን ሥዕል በትልቁ አሳጥበው፣ በየቤቱ ሲዞሩ ከግድግዳ ግድግዳ ይዘውት የኖሩት እሱን ነው።

ከቢሮው ወጥተው ሲመለሱ፣ መብራት ላይ ቆመው ሳለ ሳሮን «አባዬ፣ ሶሪ» አለች።

«ምን አድርገሽ?»

«እኔ እንጃ።»

ከኋላ ጥሩምባ ተነፋባቸው። «አረንጓዴ በርቷል መሰለኝ፣ ሂጂ» አሉ።

ካሲታዋ ቆንጆ ናት። ከአልጋው እስከ በሩ ዘጠኝ እርምጃ፣ ከበሩ እስከ ሳሮን ኩሽና ሃያ ሁለት፤ ጋሽ ተክለማርያም በሳምንት ውስጥ ለመዱት። ሳሮን ጠዋትና ማታ የዓይን ጠብታውን ታደርግላቸዋለች። ሁሉ ነገር ጥሩ ሆኖ ሳለ ግን ቢሮው በየዓመቱ ቤቱን የሚያይ ሰው ይልካል። የጭስ ማስጠንቀቂያው ይጮሃል ወይ፣ መስኮቱ ይከፈታል ወይ፣ ሙቅ ውሃ አለ ወይ እያለ ይዞራል።

ሰውዬው ሊመጣ አንድ ቀን ሲቀረው አባትና ልጅ ሥዕሎቹን አወረዱ። የምረቃው ወረደ፣ የክርስትናው ወረደ፣ የዲዝኒላንዱ ወረደ። የእትዬ አይናለም ሥዕል ብቻ ቀረ።

«የእማዬ ይቆይ» አለች ሳሮን።

ጋሽ ተክለማርያም ወደ ሥዕሉ ተጠግተው በዚያች በቀረቻቸው ቀዳዳ አዩት። ሳሮን ቁርጥ እናቷን ናት፤ ግንባሯም፣ ጥርሷም፣ ስትስቅ አንድ ዓይኗ ጠበብ ማለቱም። «አይሆንም፤ ያየ ሁሉ ያውቃል» አሉ። በገዛ እጃቸው አወረዱትና ልብስ መሐል ጠቅልለው ሻንጣ ውስጥ አስገቡት። የዚያን ቀን ምሳ አልበሉም።

ማግሥቱን ሰውዬው መጣ። ግድግዳው ባዶ፣ ምስማሩ ሰባት። ሳሮን ቀድማ አስባበት በየምስማሩ ባርኔጣ ሰቅላለች። ሰውዬው «ባርኔጣ በጣም ይወዳሉ ማለት ነው» አለ፤ ጋሽ ተክለማርያም የበር ላይ ሳቃቸውን ሳቁለት። ጓሮ ሲወጡ ሳሮን የሥራ ልብሷን ለብሳ ቆማ ነበር፤ ሰውዬው እየሰማ እንዲህ አለቻቸው፦

«ጉድ ሞርኒንግ፣ ሚስተር ሀብተሥላሴ።»

ሀብተሥላሴ አያቷ ናቸው፤ ጎጃም ከተቀበሩ አርባ ዓመታቸው። ጋሽ ተክለማርያም ይህን ሲያጫውቱኝ «ልጄ እኔን አባቴ አድርጋ ጠራችኝ» ብለው ሳቁ፤ ሳቃቸው ግን መሐል ላይ ተቋረጠ። የዚያን ቀን ሰውዬው ከሄደ በኋላ ሥዕሎቹን መልሶ የሰቀለ የለም። ሳሮን ልስቀላቸው ስትል «ለከርሞ ማውረዱ ይቀልልሻል» አሏት። ባርኔጣዎቹ ባሉበት ቀሩ።

በዚህ ላይ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን አለ። እሁድ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ፓርኪንጉ ላይ ሰዎች ከበብ ብለው ይቆማሉ፤ የእድሩ ጸሐፊ ሰርፀም አለ፤ የጋሽ ተክለማርያም የሱዳን ጓደኛ፣ ምላሱ እንደ ምላጭ የሆነ ሰው።

«እናንተ ተሞኝታችኋል» ይላል ሰርፀ ወደ ሰዉ ዞሮ። «ልጅ ማለት የተክሌ ልጅ ናት። የኔዎቹ ለገና ካርድ ይልካሉ፤ እሱንም የላከው ኮምፒውተሩ ነው። እሷ ግን አባቷን ጓሮዋ አስገብታ በነጻ ታኖራለች።»

ጋሽ ተክለማርያም መሬት መሬት ያያሉ። «ኧረ ተው ሰርፀ።»

«ምን እተዋለሁ? ምሳሌ ነው። አንድ ሳንቲም እንኳ አታስከፍለውም።»

«ተው አልኩህ።»

«ይኸው ደግሞ ትሕትናው» ይላል ሰርፀ፤ ሰዉ ይስቃል። እንዲህ እየተመሰገኑ ሁለት ዓመት አለፈ። ያፈረ ሰው ሲሰድቡት ይሻለው ነበር፤ ሲያመሰግኑት የት ይግባ?

ባለፈው መጋቢት ደግሞ ከቢሮው የመጣ ደብዳቤ ከማስታወቂያ ወረቀት ጋር ተደባልቆ ቀረና ቀነ ቀጠሮ አለፋቸው። ቢሮው ዓይናቸው እንደደከመ አይቶ፣ በሚቀጥለው ወረቀቱን በቋንቋቸው የሚያነብላቸው ሰው እናቀርባለን አለ። እሳቸው ቅር አላቸው፤ «አርባ ዓመት ኖሬ አስተርጓሚ?» አሉ። ግን ሄዱ። ሳሮን መኪና ውስጥ ቀረች፤ አከራይ ናትና አብራ ባትታይ ይሻላል ተባብለው።

አስተርጓሚዋ ፋይዛ ትባላለች። በዲቪ ከደሴ የመጣች፣ ሠላሳ ያልሞላት ልጅ ናት፤ ጠዋት ታስተረጉማለች፣ ከሰዓት ስፕሪንግ ቫሊ ባለው የሐበሻ ሱቅ ትሠራለች። ከጠረጴዛው ማዶ ጠና ያለች ፈረንጅ ሠራተኛ ተቀምጣለች። ፋይዛ ፎርሙን አንስታ በጠራ አማርኛ ታነብ ጀመር። «የተከራይ ስም፣ ተክለማርያም ሀብተሥላሴ። ልክ ነው?»

«ልክ ነው።»

«የአከራይ ስም፣ ሳሮን…»

እዚህ ላይ ቆመች። «ምን ያህል ቆመች?» ብዬ ጠየቅኳቸው። «እኔ ላይ እስከ ዛሬ ቆማለች» አሉኝ።

«…ተክለማርያም» ብላ ጨረሰች። ድምፅዋ አልተለወጠም፤ ጥያቄውን ቀጠለች። «አከራይዋ የተከራዩ ወላጅ፣ ልጅ፣ አያት፣ የልጅ ልጅ፣ እህት ወይም ወንድም ናት?»

የጋሽ ተክለማርያም ጆሮ ጋለ። ለፈረንጁ ያሏት «ኖ» ቀላል ነበረች፤ እንደ ማስቲካ አላምጠው ተፍተዋት ሄደዋል። አሁን ግን የጠየቀቻቸው ስማቸውን የምታውቅ፣ የልጃቸውን ስም ባነበበች ቅጽበት ቤታቸው የገባች የአገራቸው ልጅ ናት። «አይደለችም» የሚለው ቃል በአማርኛ እንዴት እንደሚረዝም ያኔ አወቁ። ጎንበስ አሉና ለሁለታቸው ብቻ በመሰላቸው ድምፅ፣

«የኔ እመቤት፣ ምን ብል ይሻላል?» አሏት።

ፋይዛ ቀና ብላ ለሠራተኛዋ በእንግሊዝኛ ተረጎመችው፦ ምን ብል ይሻላል እያሉ ነው።

እሳቸው በአማርኛ ሲናገሩ ብቻቸውን የሆኑ መስሏቸው ነበር። ለካ አስተርጓሚ በክፍሉ ውስጥ የተባለውን ሁሉ፣ ሹክታውንም ጭምር መተርጎም ግዴታዋ ነው። ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አሉ። ሠራተኛዋ መነጽሯን አውልቃ አንድ ነገር አለች፤ ፋይዛም፦

«እውነቱን ይበሉ ነው የሚሉት።»

«ልጄ ናት» አሉ።

ፋይዛ ተረጎመች። ሠራተኛዋ ኮምፒውተሯን አየች፣ ወረቀቱን አየች፣ «ከመቼ ጀምሮ?» አለች። የኪራይ ውሉን ማለቷ ይሁን ግራ ገብቷት ይሁን እንጃ።

«ከተወለደች ጀምሮ» አሉ ጋሽ ተክለማርያም።

የፋይዛ ከንፈር ትንሽ ተንቀሳቀሰ፤ ግን እሱንም እንዳለ ተረጎመችው። «ታዲያ ያን ጊዜ ለምን አይደለችም አሉ?» ተባሉ። «ቤት አጥቼ» አሉ። «ቤቱን አገኘሁና ልጅ አጣሁ።»

ሠራተኛዋ ክፉ ሰው አልነበረችም፤ ግን ሥራዋ ሥራ ነው። ይህን መመዝገብ አለብኝ፣ ጉዳዩ እስኪታይ ክፍያው ይቆማል፣ እርዳታው ጨርሶ ሊሰረዝም ይችላል አለች። ወረቀቱን ልትሰበስብ ስትል ነጭ ዘንጋቸውን አየችው። ጠብታውን የሚያደርግልዎት፣ ሐኪም ቤት የሚያደርስዎት ማነው ብላ ጠየቀች። «ልጄ» አሉ። ይህን ጊዜ ያን የቆየ የቢሮ ወረቀት ከፋይሉ አውጥታ ገልብጣ ለፋይዛ ሰጠቻት፤ ያ ሳሮን ሳትገልጠው የቀረችው ጀርባ ነው። ፋይዛ አነበበችላቸው፦ ተከራዩ አካል ጉዳት ካለበትና ከዘመዱ ዘንድ መከራየቱ ለዚያ የሚያስፈልገው ከሆነ፣ አስቀድሞ አመልክቶ ሊፈቀድለት ይችላል።

ዋሽተው ያገኙትን ሳይዋሹ መጠየቅ ይችሉ ኖሯል። የዚያን ቀን ከሁሉ ይበልጥ ያሳፈራቸው ይህ ነው። ያ ሁሉ ሥዕል፣ ያ ሁሉ ባርኔጣ፣ ያቺ ሻንጣ ውስጥ የተጠቀለለች አይናለም።

ሲወጡ ፋይዛ ከጠረጴዛው እስከ በሩ አንድ ቃል አልተናገረችም፤ ከሥራዋ ውጭ ከባለጉዳይ ጋር ማውራት አይፈቀድላትም። በሩን ከፍታ ይዛ ብቻ፣ «አባባ፣ ደረጃው ሦስት ነው» አለቻቸው። ቆጠሩት፤ ሦስት ነበር።

መኪናው ውስጥ ገብተው ቀበቷቸውን እስኪያስሩ ሳሮን ጠበቀች።

«ነገርኳቸው» አሉ።

«ምኑን?»

«አንቺን።»

ሳሮን ግንባሯን መሪው ላይ ደፋች። «አባዬ፣ ገንዘቡን ካቆሙ ቤቱን እናጣለን። ዩ ኖው ዛት፣ ራይት?»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ዋይ? ሁለት ዓመት ማንም አላወቀም እኮ።»

«በአማርኛ ጠየቀችኝ።»

ይህ ምን እንደሚለውጥ ሳሮን አልገባትም፤ እዚህ ነው ያደገችው። ግን ሞተሩን ሳታስነሳ የአባቷን እጅ ይዛ «ኦኬ» አለች።

በዚያው ሳምንት እሁድ ሰርፀ ምሳሌውን ሊጀምር ሲል ጋሽ ተክለማርያም ሰው ፊት «ሰርፀ፣ መንግሥት ነው የሚከፍልልኝ። ልጄ አይደለችም ብዬ» አሉት።

«ሁለት ዓመት ሙሉ ሳሞግስህ ዝም ብለህ ሰማኸኝ?» አለ ሰርፀ።

«ሰማሁህ።»

«አንድ እሁድ እንኳ በቃህ አትለኝም?»

«ተው እልህ ነበር።»

«እሱማ ትሕትና መስሎኝ» ብሎ ሰርፀ መኪናው ውስጥ ገባ። ሦስት እሁድ ሰላም አላላቸውም። በአራተኛው ሳምንት ግን ሳሮን ሺፍት ላይ ሆና ሳለ መኪናውን በራቸው ላይ አቁሞ ጥሩምባ ነፋ፤ የዓይን ሐኪሙን ደብዳቤ ሊያስጽፍ ወሰዳቸው። መንገድ ላይ የባርኔጣዎቹን ነገር ሲሰማ የተናገረው «ባርኔጣ የሰቀለችው ልጅህ ናት? ጭንቅላት አላት» የምትል ብቻ ናት።

ማመልከቻውን አስገብተው አራት ወር ጠበቁ። ክፍያው ቆሞ ሳለ ሳሮን ኦቨርታይም ገባች፤ ጋሽ ተክለማርያም የእግሯን ኮቴ እየሰሙ በስንት ሰዓት እንደገባች ያውቃሉ። ቢሮው ጠርቶ ሰማቸው፣ ያላግባብ የተከፈለውን በየወሩ ትንሽ ትንሽ እንዲመልሱ ተስማሙ። ትናንት ደግሞ ደብዳቤው መጣ። ሳሮን ስታነብላቸው «ዝምድና» የሚለው ጋ ስትደርስ «እዚያ ላይ ምን ይላል?» አሉ። «ልጅ ይላል።» «ድገሚው» አሉ። ደገመችው።

እኔ ስደርስ ምስማሮቹን በእጃቸው እየዳሰሱ ባርኔጣዎቹን እያወረዱ ነበር። ላግዝዎ ብላቸው እምቢ አሉ። እትዬ አይናለምን መሐል ላይ ሰቀሏት፤ መስታወቱን በእጅጌያቸው ሲጠርጉ ቆዩና «ይቅር በይኝ» አሏት፤ እኔም ያልሰማሁ መሰልኩ። የምረቃውን ሥዕል ሰቅለው ዞር ሲሉ ሳሮን ከበሩ ላይ፣

«አባዬ፣ ተገልብጫለሁ» አለች።

«ዛሬ እንኳ ዝም ብለሽ ተሰቀይ» አሏት።

አሁንም ቀና ብለው አይሄዱም፤ ልዋሻችሁ አልፈልግም። ሰው ሲያመሰግናቸው ፊታቸው ይቀላል። ግን ስትመጣ «ልጄ መጣች» ይላሉ፣ ጮክ ብለው፣ ማንም ሳይጠይቃቸው።

አንድ ያልሰማ ሰው ቀርቷል። ፋይዛ ያን በር ከፍታ ከያዘች ወዲህ ነገሩ ምን ላይ እንደደረሰ አታውቅም። «እሷ እንድትጠይቅ አይፈቀድላትም፤ አንተ ግን መንገር ትችላለህ» ብለውኛል ጋሽ ተክለማርያም፤ ደረጃው ሦስት እንደነበርም ንገርልኝ ብለዋል። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ሱቁ ውስጥ ናት። አሁን ዘጠኝ ተኩል ሆኗል፤ ከዚህ እስከ ስፕሪንግ ቫሊ ያለውን መንገድ ደግሞ ታውቁታላችሁ። ቁልፌን የት ነው ያደረግኩት? ልሂድ፤ ሳትወጣ ልድረስባት።